ስለ ሉዊስ ደሴት መርከበኞች መታሰቢያ

ሰው በጦር ሜዳ ሲሞት ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ከጦር ሜዳ ድኖ በአገሩ ደጃፍ ሲሞት ግን ሐዘኑ ከዚያ ይልቅ ይበረታል። ይህም በስኮትላንድ አገር በሉዊስ ደሴት ከደረሰው ነገር ይታወቃል።

የደሴቲቱ ሕዝብ ቁጥሩ 30 ሺህ ያህል ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. በተነሣው የዓለም ጦርነት ከ6 ሺህ የሚበልጡ ወንዶች ዘመቱ፤ ከነዚህም 1 ሺህ ያህሉ ሞቱ። ጦርነቱ በ1918 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ፥ ከተረፉት መርከበኞች 260 የሚያህሉ ሰዎች የአዲስ ዓመትን በዓል ከቤታቸው ለማክበር «ዮላሬ» በምትባል መርከብ ተሳፈሩ። ትርጓሜውም በደሴቲቱ ቋንቋ ንስር ማለት ነው።

በ1919 ዓ.ም. መግቢያ ሌሊት፥ ቤተ ሰቦቻቸው እሳት አንድደው ሲጠብቋቸው፥ መርከቢቱ በስቶርኖዌይ ወደብ አጠገብ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች፤ 201 ሰዎችም ሞቱ። ጆን ማክላውድ የተባለው መርከበኛ ግን ገመድ ይዞ በማዕበል መካከል እየዋኘ ወደ የብስ ወጣ፤ በዚያም ገመድ 40 ያህል ሰዎች ዳኑ።

ከሐዘኑ ጽናት የተነሣ የደሴቲቱ ሰዎች ብዙ ዘመን ስለዚህ ነገር ዝም አሉ። በስፍራው ሐውልት የቆመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜም ካዘኑት ወላጆች ብዙዎቹ አርፈው ነበር። እንግዲህ ዝምታ ሐዘንን አያርቅም፤ የሙታንን ታሪክ ግን ሊያስረሳ ይችላል።

ለመምህሩ፤ ተማሮች በየመንደራቸው በጦርነት የሞቱትን ሰዎች ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ሽማግሌዎችም የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ይንገሯቸው።