የላም መድኃኒትና የወተት ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ነጋዴ ባቱን፥ ማለት የቀድሞዋን ዝዋይ፥ ካለፈ በኋላ ቡልቡላን ያገኛል። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደው ነው። በዚህች ከተማ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ ተመርቋል። ከቡሬ፥ ከይርጋለምና ከባእከር ጋር በመጀመሪያ ከታቀዱት አራት ፓርኮች አንዱ ሲሆን፥ ዓላማውም የገበሬው ምርት ጥሬውን ከሚሸጥ ይልቅ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለገበያ እንዲቀርብ ነው። ወተት ወደ ፋብሪካ በር በሚደርስበት ጊዜ ግን በመንደር ገበያ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ይህን ወተት የሰጠችው ላም በዚህ ሳምንት መድኃኒት ወስዳለችን?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሚመለከተው በተለይ አንቲባዮቲክ የተባሉትን መድኃኒቶች ነው። እነዚህም በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን የሚገድሉ ወይም እንዳይራቡ የሚያግዱ ናቸው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ፔኒሲሊንን ካገኘ ወዲህ ብዙ ዓይነት ተሠርቷል፤ በኢትዮጵያ ከብት አርቢዎች ዘንድ በብዛት ከሚታወቁት ፔኒሲሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን ይገኛሉ። የመድኃኒቱ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ከተጀመረ በኋላ በአርሲና በአካባቢው የተስፋፉት የውጭ ደም ያላቸው ላሞች ብዙ ይታለባሉ፤ ነገር ግን ብዙ የምትታለብ ላም ለጡት በሽታ የተጋለጠች ናት። ጡቷ ያበጠባትን ላም ያለ መድኃኒት ተዋት ማለት ባለቤቱን ከሰርክ ገቢው ለይ ማለት ነው። ክርክሩም መድኃኒቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ ሳይሆን፥ ከተሰጠ በኋላ ወተቱ ወዴት ይሄዳል በሚለው ላይ ነው።

መድኃኒቱ በመርፌ ቢሰጥ ወይም በጡቷ ጫፍ ቢገባ ከፊሉ ከወተቱ ጋር ይወጣል። የዓለም የምግብ ደረጃ አውጪ የሆነው ኮዴክስ አሊሜንታርየስ በወተት ውስጥ እንዲገኝ የፈቀደው የፔኒሲሊን መጠን በኪሎግራም 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ለኦክሲቴትራሳይክሊን በሊትር 100 ማይክሮግራም ፈቅዷል። ነጋዴ በቁጥር ይረዳልና፥ ነገሩን በሒሳብ ማየት ይበጃል። አንድ ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ በዓይን የማትታይ አንዲት ሚሊግራም ፔኒሲሊን 250 ሊትር ያህል ንጹሕ ወተት እስከ ወሰኑ ጫፍ ታደርሳለች፤ ለታመመች ላም በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ግን በብዙ መቶ ሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ሰብሳቢው የሃምሳ ሰው ወተት በአንድ ዕቃ ሲያቀላቅል የአርባ ዘጠኙን ድካም በአንዱ እጅ ላይ ጥሏል ማለት ነው።

ወተት ማፍላት ይህን ችግር ያስወግዳል ብለው የሚያምኑ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያጠፋውም። ውሃ የተጨመረበትን ወተት የሚያጋልጠው ላክቶሜትር በዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም፤ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። ቀድሞ የሚያውቀው እርጎ ወይም አይብ የሚሠራው ሰው ነው፤ እርሾ ራሱ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስለ ሆነ፥ በመድኃኒት በተበከለ ወተት ውስጥ አይራባም፥ ወተቱም ሳይረጋ ይቀራል።

ከዚህም የተነሣ በማናቸውም ሱቅ ሊደረግ የሚችል ቀላል መፈተኛ አለ። ንጹሕነቱ የታወቀ ወተት በአንድ ኩባያ፥ የተጠረጠረውም በሌላ ኩባያ ተደርጎ፥ ሁለቱም ከፈሉና ለብ ካሉ በኋላ እኩል እርሾ ተጨምሮባቸው በአንድ ሞቃት ስፍራ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ረግቶ ሁለተኛው እንደ ፈሰሰ ከቀረ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለቱም ቢረጉ ግን ወተቱ ንጹሕ ነው ተብሎ አይመሰከርም፤ እርሾው ጥቂቱን መጠን ላያውቀው ይችላልና። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ምርመራ በዚሁ ሐሳብ የተመሠረተ ሆኖ የበለጠ ስሜት አለው፤ የባክቴሪያ ዘር ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ወተት ይጨመርና ሦስት ሰዓት ያህል በሙቀት ይቆያል። ሐምራዊው ቀለም ወደ ቢጫ ከተለወጠ ወተቱ ያልፋል፤ ሐምራዊ እንደ ሆነ ከቀረ ይመለሳል።

በሕግ በኩል የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ። ሥራውም በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። የእንስሳት መድኃኒት የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየበረቱ ሊቆም አይችልም፤ ሕጉ የሚሸነፈውም በመድኃኒት መሸጫው ሳይሆን በማለዳ፥ ባለ ላሚቱ የታለበውን ወተት በእጁ ይዞ ሰብሳቢው ሲመጣ በሚያይበት ሰዓት ነው።

ይህን ሰዓት ያላሰበ ደንብ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አንዲት ላም በቀን 10 ሊትር ትታለባለች እንበል፤ ሦስት ቀን ብትታከምና በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ አራት ቀን ቢሆን፥ የሰባት ቀን ወተት 70 ሊትር ይደፋል። ሁለት ላም ላለው ቤተሰብ ይህ የሳምንቱ ገቢ እኩሌታ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው በዚህ ቢፈተን አይደንቅም፤ እውነቱን የሚናገር ሁሉ የሚከስር፥ የሚደብቅም ሁሉ ሙሉ ዋጋ የሚቀበል ከሆነ፥ ሰብሳቢው ራሱ ውሸትን እየገዛ ነው። አሁን ደግሞ በሰብሳቢው በኩል ይታሰብ። በቀን 500 ሊትር ከ50 ላሞች የሚቀበል ቢሆን በሳምንት 3,500 ሊትር ይገዛል። በየሳምንቱ አንዲት ላም ብትታመም ለተደፋው 70 ሊትር ካሣ የሚያስፈልገው ከመቶ ሁለት፥ ማለትም ከየብሩ ሁለት ሳንቲም ነው። ፋብሪካ የአንድ ቀን 500 ሊትር መልሶ ቢሰድበት የሚደርስበት ኪሣራ ግን ከዚህ ሰባት እጥፍ ይበልጣል።

ስለ ወተት የሚወራ ወሬ ፈጥኖ የሚሮጥ መሆኑን ገበያው ከዚህ ቀደም አይቷል። ምክንያቱ ሌላ፥ ማለት በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን፥ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸው ታወቀ፤ መነሻውም በተለይ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ እንደ ሆነ ተነገረ። ወሬው የተጠነቀቀውንና ያልተጠነቀቀውን ነጋዴ አልለየም።

ላኪዎችም ከማር ንግድ የሚማሩት አለ። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ልትገባ የቻለችው ማሩ ጣፋጭ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ የመድኃኒትና የሌላ ባዕድ ነገር ቅሪት የምትመረምርበትን ዕቅድ ስላቀረበች ነው። አውሮፓውያን ራሳቸው አንቲባዮቲክን ለማደለቢያ መስጠትን ከ2006 ጀምሮ ከልክለዋል፤ ከጥር 2022 እንደ አቆጣጠራቸው ደግሞ የበለጠ የጠበቀ ደንብ ሥራ ላይ አውለዋል። ለዚህም ምክንያታቸው የወተት ቅሪት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ በከንቱ ሲበዛ የሚለምዱት ባክቴሪያዎች ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ ላሚቱም የላሚቱም ጌታ በታመሙ ጊዜ የሚያድናቸው ያጣሉ። ፍሌሚንግ የኖቤል ሽልማቱን በ1945 በተቀበለበት ንግግሩ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ጀርሞችን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር።

መድኃኒት አስመጪው በዚህ ሥራ ውስጥ ቀላል የማይባል ድርሻ አለው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ባለ 10 እና ባለ 20 በመቶ ሆኖ ይመጣል፤ የመቆያ ጊዜያቸውም አንድ አይደለም። ይህ በእንግሊዝኛ ብቻ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ቡልቡላ ቢደርስ ለማን ይጠቅማል? በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ወተቱ ለዚህን ያህል ቀን አይሸጥም» የሚል ወረቀት በየብልቃጡ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለበትም። ባለ ሱቁም ቢሆን ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ግማሽ ብልቃጥ እየቀዳ መሸጡን ሊተው ይገባል፤ በዚህ የሚያተርፈው ጥቂት ሳንቲም የወተት ደንበኞቹን አይመልስለትም።

በበረት የሚደረገው ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የታከመችው ላም እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርላታል፤ አላቢው ሠራተኛ ቢለወጥም ምልክቱን አይቶ እርሷን ከሁሉ በኋላ፥ በተለየ ዕቃ ያልባታል። መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀንና ስሙ፥ መቆያው የሚያልቅበትም ቀን በደብተር ይጻፋል። የተለየው ወተት ለጥጃ ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በጥጃው ሆድ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ የሚለምዱት በዚሁ ነውና መድፋቱ ይሻላል። ጨርቁ የሚፈታው የተጻፈው ቀን ካለቀ በኋላ ነው፤ የላሚቱ ጡት ቀድሞ ቢድንም እንኳ።