«ሖመር ኒጉድ» ምን ይሠራል? ስለ ጋዶሊኒየምና ስለ ማግኔታዊ መስከን

ወላጆቻችንን ለምርመራ ስንወስድ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚዎቹ እኛው ነን። ኤምአርአይ ሲታዘዝ «ሖመር ኒጉድ» የሚባል መርፌ ሊኖር ይችላል። «ቀለም ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ቀለም አይደለም። እኔ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ፊዚክሱን ለቤተሰብ ለማስረዳት በሚበቃን መጠን ብቻ እንየው።

መስከን ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አስኳል እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። የመሣሪያው ማግኔት አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ 1.5 ቴስላ ከመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። በዚህ ኃይል ፊት አስኳሎቹ በጥቂቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላሉ። መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ ያናውጣቸዋል፤ ሞገዱ ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ቡናው እስኪሰክን እንደምንጠብቀው ነው። ስብ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሰክናል፤ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ግን ሰከንዶች ይፈጅበታል። በምስሉ ላይ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው በአብዛኛው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው።

ጋዶሊኒየም ለምን ተመረጠ?

ጋዶሊኒየም «ሬር ኧርዝ» ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 64። በመድኃኒቱ ውስጥ ባለበት ሁኔታ 7 ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ብርቱ ማግኔት ነው። አጠገቡ ያለፈ ውሃ ቶሎ ይሰክናል፤ መድኃኒቱ የተጠራቀመበት ቦታም በምስሉ ላይ ይበራል።

የሚሰክን ነገር ጉልበቱን የሚቀበልለት ጎረቤት ይፈልጋል። ጥቂት ጋዶሊኒየም በሌላ ብረት ውስጥ ሲቀላቀል ተራው የራሱ ነው፤ በብረቱ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ያሰክኑታል። ሙቀቱ በጨመረ መጠን መስከኑም ይፈጥናል። ያን ኮሪንጋ እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን ሕግ ያወጣው በብረት ውስጥ ላሉ አስኳሎች ነበር።

ከመርፌው በፊት

ብቻውን ያለ ጋዶሊኒየም መርዝ ነው፤ መጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ የካልሲየምን ሥራ ያውካል። በመድኃኒቱ ውስጥ ግን በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ይገባል፤ በአብዛኛው በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሐኪሞች እጅ ያለ መድኃኒት ነው። ኩላሊቱ ክፉኛ በደከመ ሰው ላይ ግን ይዘገያል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቆዳን ከሚያደድር ከባድ በሽታ ጋር መያያዙ ታወቀ። ቅጹ ላይ ስለ ኩላሊት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ጤናሽ እንዴት ነው?» ሲባሉ እናቶቻችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ይህ ሰላምታ ነው፤ እኛ ግን «ምንም የለባትም» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። ስለዚህ ለይታችሁ ጠይቁ፦

• «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ኩላሊትሽ ያለሽ ነገር አለ? የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ትወስጃለሽ?»
• «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መርፌ ተወግተሽ አሳክኮሽ ወይም ትንፋሽ አጥሮሽ ያውቃል?»
• «በሰውነትሽ ውስጥ የገባ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ አለ?» ንቅሳትም ካለ ለባለሙያው ይነገር፤ አንዳንዱ ቀለም በማግኔቱ ውስጥ ሊሞቅ ይችላል።

መልሱን እንዳለ ተርጉሙት። መርፌው ይሰጥ አይሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።