የባሌስትራ ጎሚኒ አለዋወጥ

የቡና ለቀማ ሲደርስ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ የሚጫነው ጆንያ ይበዛል። የሚሸከመው መኪና ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፤ መንገዱም ክረምቱን ሲቦረቦር የከረመ ነው። ታዲያ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላ «ቋ! ቋ!» ካለ፣ በመጀመሪያ የሚመረመረው የባሌስትራው ጎሚኒ ነው።

ጎሚኒ ምንድን ነው? በሞፈርና በቀንበር መካከል ምራን አለ። ምራኑ ሁለቱን ያስተሳስራል፤ ደግሞም ትንሽ ያላውሳል። ጎሚኒም እንደዚሁ ነው። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። ባሌስትራውን ከቴላዮው፣ ማለት ከመኪናው የብረት አፅም ጋር በሚያገናኘው ቡሎን ላይ ይቀመጣል። (እነዚህ ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።) ላስቲኩ ሲያልቅ ብረት ብረትን ይመታል፤ የኋላው እግርም ከቦታው ይንሸራተታል። ከጆንያው በላይ ሰው ተሳፍሮ ከሆነማ አደጋው የከፋ ነው።

እኛ በጅማ፣ በጊንጆ፣ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ በግቢያችን የሠራነውን እንነግራችኋለን።

መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዱ። ከዚያ በክሪክ ይነሣ፤ ከቴላዮው ሥር በግራና በቀኝ ወፍራም ግንድ ይግባ። ክሪክ ያነሣል እንጂ ሲሸከም አይውልም! በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ጡብም አይታመንም፤ በድንገት ይሰነጠቃል።

ቡሎኑ በጭቃና በዝገት ይያዛል። ስለዚህ ከዋዜማው ዘይት ይጠጣ። ጎማው ይውለቅ፤ የእግሩ ብረት በክሪክ ይደገፍ፤ ከዚያ ቡሎኖቹ ተፈትተው ባሌስትራው ይውረድ። ከባድ ስለሆነ ለሁለት ሰው ነው።

አሮጌው ጎሚኒ እንቢ ካለ ላስቲኩ ይቆረጥ፤ የቀረው የብረት ቀለበት ከውስጥ በሴጌቶ ይሰንጠቅ። የባሌስትራውን ቀዳዳ ግን እንዳይነካ! ቀዳዳው በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። አዲሱ በመዶሻ አይመታም። ረጅም ቡሎን በመሐሉ ይለፍ፤ በአንድ ወገን ወፍራም ሮንዴላ፣ በሌላው ወገን ከጎሚኒው ሰፋ ያለ የቱቦ ቁራጭ ይደረግ። ዳዶው ሲጠብቅ ጎሚኒው ቀስ እያለ ይገባል። ዘይት ላስቲክን ያሳብጣል፤ ስለዚህ አዲሱ ላስቲክ ዘይት አይንካው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው። መኪናው በግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶዎቹን እስከ መጨረሻው አጠበቅናቸው። የለቀማው ወራት ሳያልቅ አዲሱ ላስቲክ ተሰነጠቀ። ለምን? ዳዶው ሲጠብቅ የውስጡ ቀለበት ከቴላዮው ጋር አንድ ይሆናል፤ የውጭው ቀለበት ደግሞ ከባሌስትራው ጋር ተይዟል። በመካከል የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። መኪናው ወርዶ ክብደቱ ሲያርፍበት ባሌስትራው ይዘረጋል፤ ላስቲኩም እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞ ሳለ እንኳ አያርፍም። ጉድጓድ ሲመጣማ ይቀደዳል።

በሁለተኛው ጊዜ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አስገባን። ጎማውን አስረን፣ ግንዱን አውጥተን መኪናውን በአራት እግሩ አቆምነው። ሁለት ሰዎች ከኋላ ቆመው እያረገረጉ አወዛወዙት። ባሌስትራው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ቁልፉን ያነሣነው። አጋሮ ደርሶ በተመለሰ ማግስት ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ሞከርናቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘነው።