ምግብ ለሚንቅ ቡችላ

ልጄ፣ ቡችላህ ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፤ አንተም ደንግጠህ ፍሪጅ ትከፍታለህ። ትናንት በሩዝ፣ ዛሬ በቱና፣ ነገ በጥብስ እያባበልክ ልትዘልቀው ነው። ልብህ ደግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ችኩልነትህንም አውቃለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ውሻ አሳድጌያለሁ፤ «አልበላ አለን» ተብሎ ደጄ የመጣውም የዘመድና የጎረቤት ውሻ ብዙ ነው። በተፈጥሮው መራጭ ሆኖ ያገኘሁት ግን ጥቂት ነው። የቀረው ወይ ታሟል፣ ወይ ቤተሰቡ አቀማጥሎታል። ስለዚህ ምክሬን በተራው አንብብ፤ ወደሚጥምህ ዘለህ አትሂድ።

1. «መራጭ ነው» ከማለትህ በፊት አለመታመሙን አረጋግጥ። ቅምጥል ቡችላ ምግቡን ይንቃል እንጂ ጨዋታውን አይተውም፤ በር ሲንኳኳ ይሮጣል፣ ቁራሽ ሥጋ ብታሳየው ይዘላል። የታመመው ግን ሥጋውንም ይተወዋል፤ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ስትጠራው ዓይኑን ብቻ ገለጥ ያደርጋል። ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ያልተከተበ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል። መጀመሪያ ምግብ ይተዋል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ ይከተላል። እንዲህ ያለውን «ነገ ይሻለዋል» ብለህ አታሳድረው፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ትል ጠርጥር። ቡችላ ገና ከእናቱ ማህፀንና ከጡቷ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየ15 ቀኑ እስከ 3 ወር፣ ከዚያም በየወሩ እስከ 6 ወር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ሲቀይር ድዱ ያመዋል፤ ያኔ ደረቁን ምግብ አርጥብለት፣ ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀህ ያዝልኝ። ያልተከተበ ውሻ ድንገት መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ «አጥንት ተቀርቅሮበት ይሆናል» ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ እየተናከሰ አይመጣም፤ እንዲህ ዝም ብሎም ይመጣል። ለሃጩ ቁስል ወይም ጭረት ከነካህ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጠብና ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ።

2. ስትረከበው ምን ሲበላ እንደነበር ጠይቅ፤ ለጊዜው ያንኑ ስጠው። መንገድ ዳር ይዘው የሚሸጡት ልጆች ሁሉንም «2 ወሩ ነው» ይሉሃል። አንተ አፉን ከፍተህ እይ፤ 2 ወር የሞላው ቡችላ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ወጥተው ያለቁ ናቸው። ገና እየወጡ ከሆነ ከእናቱ ቀድሞ የተነጠቀ ነውና ለስላሳ ምግብ ይፈልጋል። እናቱንና ወንድሞቹን በአንድ ቀን ያጣ ፍጥረት የመጀመሪያውን ምሽት ባይበላ አይፈረድበትም። ምግቡን መቀየር ስትፈልግም በአንዴ አትገልብጥበት። ሁለት ሦስት ቀን ሩቡን ብቻ አዲስ አድርግ፣ ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ ቀጥሎ ሦስት ሩቡን፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዞርልሃል። በየሁለት ቀኑ ምግብ የሚለዋወጥበት ቡችላ ሆዱ ይላላል፤ ሆዱ ሲላላ መብላት ይጠላል፤ መብላት ሲጠላ አንተ እንደገና ትቀይርበታለህ።

3. የከረጢቱን ፊት ተወው፣ ጀርባውን አንብብ። ፊቱ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሥጋ ሥዕል ነው። ከጀርባ መጀመሪያ የምትፈልገው «ኮምፕሊት» የሚለውን ቃል ነው፤ ይህ ያለበት ምግብ ብቻውን ለውሻው ይበቃል ማለት ነው። «ኮምፕሊመንተሪ» የሚለው ግን ከሌላ ጋር የሚደረብ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀጥሎ «ፓፒ» ወይም «ግሮውዝ» የሚል ፈልግ፤ «አደልት» ብቻ ካለ ያደገ ውሻ ምግብ ነውና ለቡችላህ አይሆንም። በአሜሪካ የእንስሳት መኖ ተቆጣጣሪዎች መስፈርት፣ ውሃው ሳይቆጠር፣ ለሚያድግ ውሻ ዝቅተኛው የፕሮቲን መጠን 22.5 በመቶ ሲሆን ላደገው 18 በመቶ ነው። የቆርቆሮ ምግብ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ብታይ አትደንግጥ፤ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ነው። የይዘት ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ መጀመሪያ የሚነበበው በብዛት ያለው ነው። ማብቂያ ቀኑንም እይ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነውና በእኛ ዓመት ቆጥረህ እንዳትታለል።

እዚህ ላይ ቡችላው ልክ ሆኖ ባለቤቱ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከተከፈተ ማዳበሪያ እየተዘገነ በፌስታል በኪሎ የሚሸጥ ደረቅ ምግብ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን መቼ እንደተከፈተ የሚነግርህ የለም። ደረቅ ምግብ በስብ የተቀባ ነው፤ ስቡ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል። ያንተ አፍንጫ ምንም ሳይሸተው የእሱ ቀድሞ ይሸተዋል፤ አንተ «ናቀው» ትላለህ እንጂ እሱ የተበላሸ ምግብ ነው እምቢ ያለው። እፍኝ ዘግነህ በመዳፍህ እሸው፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ጣለው። የታሸገውን ገዝተህ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጥ፤ ከተከፈተ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ መጠን ግዛ። ትልቁ ከረጢት በኪሎ ቢረክስም ለአንድ ትንሽ ቡችላ ሳያልቅ ይበላሻል።

ከውጭ የሚገባ ነገር ስለሆነ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። አቅምህ ካልፈቀደ ቤት አብስልለት፤ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ትንሽ ካሮት። ፉርሽካ በአጥንት ውሃ አሽቶ መስጠት የብዙ ግቢ ልማድ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ የሚያድግ አጥንት አይሠራም። ቤት የምታበስል ከሆነ የምትሰጠውን ጽፈህ ለሐኪሙ አሳይ፣ የካልሲየሙንም መጠን እሱ ይንገርህ።

4. ሥጋ ብቻ አትስጠው። «ውሻ ሥጋ በል ነው» የሚሉህን አትስማ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ስታርች የሚፈጭበት አንድ ጂን ተኩላ ላይ 2 ቅጂ ብቻ ሲሆን ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ከሰው ጋር እህል እየበላ ስለኖረ ሆዱ ለእህል ተሠርቷል። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለቡችላ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፣ ወይም ካልሲየሙ እስከ እጥፍ ይብለጥ። ካጣው ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይበደራል፤ እግሩ ይቆለመማል፣ ትንሽ ሲዘል ይሰበራል። ደረቱ ሰፊ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ፣ ግን እግሩን እየጎተተ የሚሄድ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አይተህ ታውቅ ይሆናል፤ ባለቤቱ ንፁህ ብልት ሥጋ ያበላው ነበር። ግልባጩም ጥፋት ነው፦ ትልልቅ ዝርያ ላይ በተሟላ የቡችላ ምግብ ላይ የካልሲየም ዱቄት መጨመር አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ጉበት ይወዳል፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ትንሽ ቁራጭ ብቻ፣ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ መርዝ ነውና።

5. ወጥ አይቀመስ። ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ይበቃል፤ 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባበት እናትህን ጠይቅ። ክፋቱ ደግሞ በዚያው ቀን አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል፤ አንተ ግን ወጡን ረስተኸዋል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን፣ ቸኮሌትና ቡና ልቡን ይጎዱታል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል በደቂቃዎች ውስጥ የደም ስኳሩን ያወርዳል። ወጥ ያልነካው እንጀራ ቁራሽ ግን አይገድለውም።

6. በበዓል ቀን እሰረው። ከዓመት እስከ ዓመት ጤነኛ ሆኖ የኖረ ውሻ በፋሲካ ማግስት የሚታመመው በከንቱ አይደለም። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ አንጀት ይበሳል። ጮማ ሲበዛበት ቆሽቱ ይቆጣና በስቃይ ጎብጦ ይቆማል። ከሁሉ የምፈራልህ ግን በግ ሲታረድ የሚወረወርለትን ጥሬ ሳንባና ጉበት ነው። በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካየህ ውስጡ የትል ዘር ነው፤ ውሻው ከበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ ሰው ጉበት ላይ እንደዚያው ያለ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢት ያለበትን ቅበረው፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት። ጤነኛ የሚመስለውንም ጨጓራና ሳንባ ከግማሽ ሰዓት በላይ አንተክትከህ ቀቅልና ስጠው።

7. ውሻ አይጾምም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ሽሮና ምስር ሲሆን፣ የሠፈሩ ሥጋ ቤትም ሲዘጋ፣ በትርፍራፊ የሚኖር ቡችላ የሚያገኘው ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። ቅበላ ላይ ሥጋ ቀቅለህ በትንሽ በትንሹ ቋጥረህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ።

8. ሰዓት ያዝ፤ ሳህኑን አንሣ። እስከ 4 ወር በቀን አራት ወይም ሦስት ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ። ምግቡን አስቀምጥና 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቅ፤ ካልበላ ሳትቆጣ፣ ሳትለምን፣ ሌላ ሳትተካ አንሣው። እስከሚቀጥለው ሰዓት ውሃ ብቻ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ ቡችላህም ደረቁን ሲተው ጥብስ እንደሚመጣ ካንተ ተማረ እንጂ ከእናቱ አላመጣውም። ጤነኛ ቡችላ ትንሽ ይሞክርሃል፣ ከዚያ ይበላል። ይህ ምክር ግን ለሁሉም አይሆንም። 3 ወር ያልሞላው ወይም በጣም ትንሽ ዝርያ ያለው ቡችላ ሆዱ ባዶ ሲውል የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን አታስርበው፤ ካልበላ በዚያው ቀን አሳየው።

9. የቤተሰቡን እጅ ሰብስብ። አንተ ሥርዓት ብታወጣ ዘበኛው ከምሳው ያቀምሰዋል፣ ልጆቹ ብስኩት ይወረውሩለታል፣ አያትህ በጓዳ በኩል ዳቦ በወተት ታቀርብለታለች። ማታ ሳህኑን ሲተው «ምን ሆኖ ነው?» ትላለህ፤ ጠግቦ ነው። የከብት ወተት ጡት የጣለ ቡችላን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀምጠዋል። ከሳህኑ ውጭ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛ አይለፍ። አያትህን መከልከል አትችልም፤ ስለዚህ ከራሱ ደረቅ ምግብ በጣሳ ሰፍረህ በእጇ ስጣት፣ እሷም ትስጠው።

10. ሞቅ አድርገህ አቅርብ። ውሻ የሚበላው ከምላሱ ይልቅ በአፍንጫው ነው። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ አይሸትም፤ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ ወይም ጨውና ሽንኩርት ያልገባበት የሥጋ መረቅ አንድ ማንኪያ። ሳህኑንም በየቀኑ እጠብ፤ ዳር ላይ የደረቀው የትናንቱ ምግብ ነው ብዙ ጊዜ የሚያስጠላው። የሚበላበት ቦታ ሰው የማይመላለስበት ይሁን።

11. ብዛቱን በጎድኑ ለካ። ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አቅፈኸው ውጣ፣ የራስህን ክብደት ቀንስ፣ ጻፍ። ከዚያ ጎድኑን ዳስስ፦ ሳትጫን አጥንቱ እጅህ ላይ ከተሰማህ ደህና ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ከሆነ ጨምር፤ ፈልገህ ካጣኸው ቀንስ። ብዙ «አይበላም» የተባለ ቡችላ ሲመዘን በደንብ እያደገ ነው፤ የሚያስፈልገውን በልቶ የተረፈውን ነው የተወው። ቡችላህ እየጨመረ ካልሄደ ግን ማስታወሻህን ይዘህ ሐኪሙ ጋ ሂድ። አንድ ዓመት ሲሞላው ወደ አዋቂ ውሻ ምግብ ታሻግረዋለህ፤ ጀርመን ሸፐርድን የመሰለ ትልቅ ዝርያ ከሆነ እስከ 15 ወይም 18 ወር ይቆይ። ያንንም ስታደርግ ከሩብ ጀምረህ ነው።