የተሰረዘው ዋጋ፦ በኢንተርኔት የሚሸጥ የቅናሽ ወይን ጠጅ እና የአእምሯችን ስሌት

ኢንተርኔት ለንግድ ማገልገል ከጀመረ ወዲህ ከተፈጠሩት የሽያጭ ዘዴዎች አንዱ የአጭር ጊዜ የቅናሽ ሽያጭ ነው። አንድ ድርጅት አንድን ዕቃ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ክምችቱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ፣ ከተለመደው ዋጋ እጅግ ባነሰ ዋጋ በድረ ገጹ ያቀርባል። ቬንት ፕሪቬ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 የተረፉ የፋሽን ልብሶችን በዚህ መንገድ መሸጥ ጀመረ። ዉት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በቀን አንድ ዕቃ ብቻ በመሸጥ ተነሥቶ፣ በ2006 ለወይን ጠጅ ብቻ የሚሆን የተለየ ገጽ ከፈተ። ሌሎችም ተከተሉ።

ወይን ጠጅ ለዚህ ዓይነቱ ንግድ የተመቸ ነው። የዓይነቱ ብዛት በሺህ የሚቆጠር በመሆኑ ገዢው የእያንዳንዱን ተገቢ ዋጋ ሊያውቅ አይችልም፤ ጠርሙሱን ከፍቶ ሳይቀምስ ይገዛል። አምራቹም በበኩሉ አዲሱ ምርት ከመድረሱ በፊት ያለፈውን ዓመት ወይን ከመጋዘኑ ማውጣት አለበት፤ ነገር ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዋጋ በይፋ ቢቀንስ ስሙ ይጎዳል። ስለዚህ ትርፉን በፍጥነትና ድምፅ ሳያሰማ ለመሸጥ ይመርጣል። ቅናሹ ሁልጊዜ ማታለያ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ገዢው በኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት ነገሮች ይመለከታል፦ መስመር የተሰመረበት የቀድሞ ዋጋ፣ አዲሱ ዋጋ እና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት። ለሳይንስ ተማሪ ይበልጥ ሊያስደንቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ማንም የማይከፍለው ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ ገዢው ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሚሆን፣ ምናልባትም ወይኑ በምላሱ ላይ እንዴት እንደሚጣፍጠው ላይ ተጽዕኖ ያሳድራልና።

መልሕቅ የሆነ ቁጥር

አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካህንማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ሙከራ ገልጸዋል። ተሳታፊዎቹ ፊት ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር ይሽከረከራል። መንኮራኩሩ ግን አስቀድሞ ስለተስተካከለ በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ ነበር የሚቆመው። ከዚያም «ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች መካከል ስንት በመቶ የሚሆኑት የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። 10ን ያዩት ተሳታፊዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ፣ 65ን ያዩት ደግሞ 45 በመቶ ሆነ። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ግልጽ ነው፤ ግምቱ ግን እንደ መልሕቅ ከተጣለው ቁጥር ብዙ ሊርቅ አልቻለም።

ይህ ክስተት በወይን ጠጅ ላይም ተፈትኗል። ዳን አሪዬሊ፣ ጆርጅ ሎወንስታይን እና ድራዘን ፕሬሌክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማሩ 55 ተማሪዎች ተሳትፈዋል። እያንዳንዱ ተማሪ የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በዶላር ዋጋ መልክ ጻፈ፤ በዚያ ዋጋ ይገዛ እንደሆነ ተጠየቀ፤ በመጨረሻም ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ ዋጋ ሰጠ። የመለያ ቁጥራቸው ዝቅተኛ የሆነው አንድ አምስተኛዎቹ ተማሪዎች ለተራው ወይን በአማካይ 8.64 ዶላር ሲያቀርቡ፣ ቁጥራቸው ከፍተኛ የሆነው አንድ አምስተኛዎቹ 27.91 ዶላር አቀረቡ። ለምርጡ ወይን ደግሞ 11.73 እና 37.55 ዶላር ሰጡ። አስተውሉ፦ ሁለቱም ወገኖች ምርጡ ከተራው እንደሚበልጥ ያውቃሉ። ንጽጽራቸው ሥርዓት አለው፤ መነሻቸው ግን የአጋጣሚ ነው። ሙከራውን በኋላ የደገሙ ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚህ በጣም ደካማ ውጤት ማግኘታቸውንም መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ የመልሕቁን ኃይል ከልክ በላይ ማግነን አይገባም።

በመርካቶ ዋጋ የተከራከረ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ቤተ ሙከራ ሳያውቀው አይቀርም። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢው ደግሞ ግማሹን ጠርቶ የራሱን መልሕቅ ይጥላል። በድረ ገጹ ላይ ግን መልሕቅ የሚጥለው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ የሚቆጥረው ሰዓትም ሌላ ቦታ ሄዶ ዋጋ ለማጠያየቅ ፋታ አይሰጥም።

ማጠያየቁ ግን ስሌቱን ይለውጠዋል። በ40 ዶላር ላይ መስመር ተሰምሮ ወይኑ በ16 ዶላር ቢቀርብ ቅናሹ 60 በመቶ ይመስላል። ያው ወይን በሌላ ሱቅ 20 ዶላር የሚሸጥ ከሆነ ግን እውነተኛው ቅናሽ 20 በመቶ ብቻ ነው። የተለወጠው የክፍልፋዩ ታችኛው ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶ ከግንቦት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ ቅናሽ የሚያስታውቅ ነጋዴ የቀድሞ ዋጋ ብሎ መጻፍ ያለበት በመሠረቱ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሆን የተደነገገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋጋ ሲቀመስ

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ የሚነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሂልከ ፕላስማን እና ባልደረቦቿ 20 ሰዎች በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ወይን በቱቦ እንዲቀምሱ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ አምስት የተለያዩ ወይኖች እንደሚቀርቡላቸው ቢነገራቸውም በእርግጥ የነበሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ በተለያየ ዋጋ ሁለት ጊዜ ቀርበዋል። ባለ 90 ዶላሩ ወይን በ10 ዶላር ስም ሲቀርብ ያነሰ፣ በ90 ሲቀርብ የበለጠ ጣፈጣቸው። ከዓይን ጉድጓድ በላይ የሚገኘውና ደስታን ከመመዘን ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም ከዋጋው ጋር ጨመረ። ጣዕምን በቀዳሚነት በሚቀበለው ክፍል ላይ ግን ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ዋጋውን ሳያውቁ እንደገና ሲቀምሱም ልዩነቱ ጠፋ።

በዚህ መሠረት የቅናሽ ገዢ ዕድለኛ ነው ሊባል ይችላል፤ የ16 ዶላር ከፍሎ የ40 ዶላሩን ደስታ ያገኛልና። ነገር ግን ተቃራኒ ማስረጃም አለ። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት 82 ሰዎች መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ተሰጣቸው፤ ለገሚሶቹ ዋጋው 2.50 ዶላር እንደሆነ፣ ለቀሩት ወደ 10 ሳንቲም እንደተቀነሰ ተነገራቸው። ከዚያ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲፈተኑ፣ ከመጀመሪያዎቹ 85 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 61 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። እዚህ ላይ የሠራው የተከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። እንግዲህ በጠጪው አእምሮ ውስጥ የሚቀረው የተሰረዘው ቁጥር ነው ወይስ የተከፈለው? በእኔ አስተያየት ይህ ከወይን ጠጅ ይልቅ በርካሽ ለሚቀርቡ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚያሳስብ ጥያቄ ነው።

ራሳችሁ ሞክሩት

ምላስን ከዋጋ ለመለየት የቅምሻ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ወይን አያስፈልግም፤ ሁለት ዓይነት ቡና ይበቃል። ቀማሹ የማያያቸው ሦስት ስኒዎች ይሞሉ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ቀማሹ የተለየውን ያመልክት። በግምት ብቻ የመሳካቱ ዕድል 1/3 ነው። ሙከራው ቅደም ተከተሉ እየተቀያየረ 12 ጊዜ ቢደገም፣ በግምት ብቻ 7 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ የማግኘት ዕድሉ 6.6 በመቶ፣ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ደግሞ 1.9 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 8 ያገኘ ሰው ልዩነቱን በእርግጥ ይቀምሳል ብሎ ለመናገር በቂ ምክንያት አለ። ስሌቱን በቢኖሚያል ቀመር አረጋግጡ፤ ከዚያም የስኒዎቹን ቁጥር ከሦስት ወደ አራት ብታሳድጉ፣ ለዚያው እርግጠኝነት ከ12ቱ ስንቱን ማግኘት እንደሚበቃ አስሉ።