ገመናን የሚጠብቅ ሕግ፦ ያለ ፈቃድ የሚሰራጭ ምስልና የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ድንጋጌ

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የምናነበው የሶስና ታሪክ ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው። ሁለት ሽማግሎች በአትክልቱ ስፍራ ተሸሽገው ተመለከቷት፤ ፈቃዳቸውን ካልፈጸመች በሐሰት እንደሚመሰክሩባትም ነግረው አስፈራሯት። በሕዝብ ፊት ለፍርድ የቀረበችው ግን የታየችው ሴት ነበረች፤ ተመልካቾቹማ ዳኞች ነበሩ። በዚህ እትም የምናጠናው ጉዳይ መሣሪያው ቢለወጥም ከዚህ የራቀ አይደለም። ይኸውም አንድ ሰው አምኖ ለአንድ ሰው ብቻ የሰጠው፣ ወይም ሳያውቅ የተነሣው የእርቃን ገላ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ያለ ፈቃዱ ለሌሎች ሲሰራጭ የሚደርስበት በደል ነው።

ስለ አሜሪካ ሕግ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከምእመናኖቻችን መካከል በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ ወሬው በስልክ እዚህ ይደርሳል፤ በቅድሚያ የሚሰማውም ጥያቄ «ድሮስ ለምን ተነሣችው?» የሚል ነው። ያ አገር በሕጉ ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ጀርሲ ናት። ካሊፎርኒያ በ2013 ስትከተል፣ የሚቀጣው ምስሉን ራሱ አንሥቶ ራሱ ያሰራጨው ሰው ብቻ እንዲሆን ደነገገች። በዚህም ምክንያት አንዲት ሴት በገዛ እጅዋ ራስዋን አንሥታ ለባልዋ ወይም ለእጮኛዋ የላከችው ፎቶግራፍ ከጥበቃ ውጭ ቀረ። ጉድለቱ የታረመው በሚቀጥለው ዓመት ነው። «ድሮስ ለምን ተነሣችው?» የሚለው አነጋገር በእኛ መንደር ብቻ ሳይሆን በሕግ አውጪዎችም ሸንጎ የሚሰማ እንደ ነበረ ከዚህ እንገምታለን። ማሳቹሴትስ እስከ 2024፣ ደቡብ ካሮላይና ደግሞ እስከ 2025 ዘግይተው ገቡ፤ በደቡብ ካሮላይና ሕግም ሃምሳው ክፍላተ ግዛት ተሟሉ።

ይሁን እንጂ ሕጎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዋናው ልዩነታቸው፣ አሰራጩ ለመጉዳት አስቦ እንደ ሆነ መረጋገጥ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ተከሳሹ በክፋት ተነሥቶ ሌላውን ለማስገደድ፣ ለማስጨነቅ ወይም ለማስፈራራት ማሰቡ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ለቀልድ ነው» ወይም «ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ነው» የሚል ሰው የማምለጫ ቀዳዳ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

የኢሊኖይ ሕግ ግን የመጉዳት አሳብ እንዲረጋገጥ አይጠይቅም። ምስሉ በግል እንዲያዝ የታሰበ መሆኑን አስተዋይ ሰው የሚረዳው ከሆነ፣ በምስሉ የሚታየውም ሰው ለስርጭቱ ካልፈቀደ፣ ማሰራጨቱ ራሱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። በዚያ አገር አንዲት ሴት እጮኛዋ ከሌላ ሴት የተቀበለውን ምስል አገኘች። ጋብቻው ቀርቶ እጮኛዋ ጥፋቱን በእርስዋ ላይ አድርጎ ባወራ ጊዜ፣ ስምዋን ለመከላከል ምስሉን ከደብዳቤ ጋር አያይዛ ላከች። የሥር ፍርድ ቤት ሕጉ የመናገርን ነጻነት ይጥሳል ብሎ ክሱን ሰረዘላት። የክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2019 ሕጉ የጸና ነው በማለት ያንን ውሳኔ ሻረ። ለሴቲቱ ማዘናችን አልቀረም፤ ተበድላለችና። ነገር ግን የበደላት እጮኛዋ ሲሆን ገመናዋ የተገለጠባት ሌላይቱ ሴት ናት። «እውነት ነው እንጂ ሐሰት አላወራሁም» ማለትም አያድንም፤ ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2477 እውነተኛውን የሰው ነውር ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቀው መግለጥን ከኃጢአት ይቈጥረዋል።

ከቬርሞንት የተሰማው ፍርድ ደግሞ ለመቀበል ይከብደናል። አንዲት ሴት በፌስቡክ መልእክት ለአንድ ሰው ምስልዋን ላከች፤ ሌላ ሴት የሰውዬውን መልእክት ከፍታ ምስሉን ለሕዝብ አወጣችው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ሕጉን አጸናው፤ በ2019 ግን ላኪዋና ተቀባዩ ምስሉ በምስጢር ይያዛል የሚያሰኝ ግንኙነት እንደ ነበራቸው አልተረጋገጠም በማለት ክሱ እንዲቀር ወሰነ። ዳኞቹ ቃሉን እንደ ተጻፈ ተርጕመው ይሆናል። ሆኖም የሰው መልእክት ከፍቶ ገመና የዘረፈ ነጻ ሲወጣ ላኪዋ ከነኀፍረትዋ ቀርታለች።

በመላው አገር ደረጃ የወጣው ሕግ በሜይ 19 ቀን 2025 ተፈርሟል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀናብሮ የሰው ገላ የተባለውን የሐሰት ምስል ሳይቀር ይከለክላል፤ ድረ ገጾችም ተበዳዩ ባመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያስገድዳል፤ ለዚህም ሥርዓት እንዲዘረጉ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸዋል። በሀገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በምስል ማስፈራራትንና የሰውን ክብር ማዋረድን ይቀጣል።

ለካቴኪስቶች የምንጨምረው ጥቂት ነው። ተበዳይዋ ወይም ተበዳዩ ወደ እናንተ ሲመጣ ምስሉን ለማየት አትጠይቁ፤ ላጣራ ብሎ ማየትም አንድ ተመልካች መጨመር ነው። ከመጥፋቱ በፊት የገጹ አድራሻ፣ ቀኑና የዛቻው ቃል ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ምከሩ፤ ድንጋጤ ብዙዎችን ማስረጃቸውን እንዲደመስሱ ያደርጋቸዋልና። ገንዘብ ለሚጠይቅ አስፈራሪ መክፈል ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይወልዳል። ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ የሚባለው አገልግሎት ምስሉ ከባለቤቱ ስልክ ሳይወጣ መለያ ቍጥሩን ብቻ ወስዶ ተባባሪ ድረ ገጾች እንዲያግዱት ያደርጋል። በምስሉ የሚታየው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ እዚያ አገር ምስሉን መያዙ ብቻ ከባድ ወንጀል ስለ ሆነ፣ ለማስረጃም ቢሆን ቅጂ አትቀበሉ፣ ለማንም አታስተላልፉ፤ ከወላጆች ጋር ሆናችሁ በቀጥታ ለፖሊስ አመልክቱ።