ቀና በይማ!

ነይ እስቲ እህት ዓለም፣ ስልኩን አስቀምጪና አጠገቤ ቁጭ በይ። ጀርባሽንም ቀና አድርጊ፤ እያጠባሽ ስትጎብጪ ሳይሽ ሆዴ አይችልም። ትናንት የላብራቶሪ ወረቀት ይዘሽ «ካልሲየሜ ኖርማል ነው» ስትይ ዝም ያልኩት ቤቱ በእንግዳ ስለተሞላ ነው። ደስ ብሎኛል የኔ ቆንጆ። ግን ያ ቁጥር የደምሽ ነው፤ የአጥንትሽ አይደለም።

ሰውነትሽ ውስጥ 1 ኪሎ ገደማ ካልሲየም አለ። 99 በመቶው አጥንትሽና ጥርስሽ ውስጥ ነው ያለው። ደምሽ ውስጥ ያለችው ኢምንት ናት፤ ነገር ግን ልብሽ የሚመታው፣ ጡንቻሽ የሚኮማተረው በእሷ ስለሆነ ሰውነት ዝቅ እንድትል አይፈቅድም። አንገትሽ ውስጥ፣ ከታይሮይድ ጀርባ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው ሌት ተቀን ደምሽን መጠበቅ ነው። ካልሲየም ትንሽ ቀነስ ሲል ሆርሞናቸውን ይለቃሉ፤ አጥንት ካጠራቀመው ይሰጣል፣ ኩላሊት በሽንት የሚያወጣውን ይቀንሳል፣ ቫይታሚን ዲንም ለሥራ ያዘጋጀዋል፤ ያን ጊዜ አንጀት ከምግቡ አብዝቶ ይስባል። ደሙ ሲሞላ ዕጢዎቹ ያርፋሉ።

እንግዲህ እንደ ባልትና አስቢው። ሌማቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ምክንያቱም ከጎተራው እየተቀዳ ይሞላል። እንግዳ ሌማቱን አይቶ «ቤቱ ጥጋብ ነው» ይላል። ጎተራው ምን ያህል እንደቀረው ግን ያየ የለም። የአንቺም ወረቀት ያየው ሌማቱን ነው።

አጥንትን እንደ ድንጋይ አትቁጠሪው። ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሠራ ነው፤ በአዋቂ ሰው ላይ በዓመት 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ክምችቱ ይጨምራል፤ አንቺ 26 ነሽና ጊዜ አለሽ፣ አትስነፊ። ሴት ስታርጥ ግን ኤስትሮጅን ይቀንስና አፍራሹ ከሠሪው ይበረታል። አያታችን እንዴት ጎብጣ እንደቀረች ታስታውሺ የለ? ሁላችንም «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። አጥንት ሲሳሳ የጀርባ አንጓዎች አንድ በአንድ እየተደፈጠጡ ሰውን እንደሚያጎብጡ የገባኝ እሷ ካረፈች በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስታጠቢ ደግሞ ለወተቱ የሚሆን ካልሲየም ከአጥንትሽም ይወሰዳል። አትደንግጪ ሆዴ፤ ጡት ስታስጥዪ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ብቻ ብዪ!

ምን ልብላ ካልሽኝ፣ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልግሻል። ወተትና እርጎ ቀላሉ መንገድ ናቸው። አይብ ላይ ብዙ አትመኪ፤ ሲወጣ ከካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ጾም ሲገባ ደግሞ ወተቱ ይቀራል፤ የጾም ቀን የዓመቱ እኩሌታ ያህል ነው። ያን ጊዜ ጤፍ አለልሽ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ስንዴ አጠገቡም አይደርስ። ቡኮው በደንብ ይቡካ ታዲያ፤ ጤፍ ውስጥ ካልሲየምን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፣ እርሾው ያንን ይቀንሰዋል። ችኩል እንጀራ አትጋግሪ። ከአትክልት ጎመን ምረጪ። ቆስጣ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም፤ ግን ካልሲየሙን አንጀትሽ ብዙም አያገኘውም። ጨው ቀንሺ፣ ጨው ከሰውነት ሲወጣ ካልሲየሙንም አስከትሎ ነው። ቡናሽን አልነካብሽም፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በዚህ ከተጣላን እንጣላ። ሕፃኑን ሦስት ወር ሙሉ ጠቅልለሽ ቤት ዘግተሽበታል። ብርድ ይመታዋል፣ ምች ያገኘዋል፣ ዓይን ይበላዋል ትያለሽ። ይህን ሁሉ ፀሐይ በያዘ አገር እግራቸው የተወለጋገደ ሕፃናት የሚታዩት እንዲህ ከፀሐይ ስለሚደበቁ ነው። አንጀት ካልሲየም እንዲስብ የሚረዳው ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ስትነካ ነው፤ በመስኮት መስታወት በኩል አይሆንም። የእናት ጡት ሁሉ ነገር ሞልቶት በቫይታሚን ዲ ግን ድሃ ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ እጁንና እግሩን ገልጠሽ፣ ፊቱን ከልለሽ፣ ጥቂት ደቂቃ አሙቂው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂም በቀን 400 ዩኒት የሚሰጠውን ጠብታ ጠይቂ፤ አትፈሪ፣ መብትሽ ነው።

ሪያድ ላለችው የአክስታችን ልጅም ንገሪያት። ፀሐይ የሚያነድበት አገር ተቀምጣ ከሰው ቤት ሳትወጣ ትከርማለች። ስቶክሆልም ላለው ወንድማችን ደግሞ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ አቅም የላትምና፣ የእኛ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋልና፣ ሐኪሙን ስለ ቫይታሚን ዲ ያናግር በይልኝ።

የካልሲየም እንክብል በራስሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ፣ አደራ። ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም ካዘዘልሽ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም አትለፊ፤ ከወሊድ በኋላ ከሰጡሽ የብረት እንክብል ጋርም አብረሽ አትውሰጂው፣ ካልሲየሙ ብረቱ በደንብ እንዳይሳብ ይከለክላል፤ ሰዓት ለያይተሽ ዋጪ።

ተንቀሳቀሺ ደግሞ። አጥንት ክብደት ሲሸከም ነው የሚጠነክረው። አራተኛ ፎቅ በሊፍት የምትወጪ ልጅ፣ በይ ደረጃውን ልመጂው።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጎመን ይዤ እመጣለሁ። ልጁን ግቢ አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ ካልሲውን አውልቂለት።